ከቀጥቃጭ ቤት እስከ ጉባ፦ የማይክል ፋራዴይ ሕይወትና ሕግ

የዐባይ ወንዝ የኢትዮጵያን ምድር ለቆ ወደ ሱዳን ከመግባቱ በፊት፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ በጉባ ወረዳ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ቆሞበታል። መሠረቱ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያው ተርባይን ኤሌክትሪክ ማመንጨት የጀመረው የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ግድቡ ተጠናቆ የተመረቀው ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። የዋናው ግድብ ቁመት 145 ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሺህ 780 ሜትር ያህል ነው። ሐይቁ እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። የተተከሉት 13 ተርባይኖች በሙሉ ዐቅማቸው ሲሠሩ 5 ሺህ 150 ሜጋዋት ያመነጫሉ።

እነዚህን ቍጥሮች በአሶሳም ሆነ በግልገል በለስ የሚማር ብዙ ተማሪ በቃሉ ይዟቸዋል። ነገር ግን በውሃው መውደቅና በመብራቱ መብራት መካከል ሲሚንቶውም ውሃውም ብቻቸውን የማያስረዱት አንድ እርምጃ አለ። ይኸውም አንድ መዘውር ስለ ዞረ፣ መዘውሩ በማይነካው የመዳብ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚፈስበት ምክንያት ነው። ይህን ምክንያት የሚገልጸው የተፈጥሮ ሕግ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1831 በሎንዶን ከተማ ነው። ያገኘውም ሰው ዩኒቨርሲቲ ያልገባ፣ ከፍተኛ ሒሳብ ያልተማረ፣ በሙያው መጽሐፍ ጠራዥ የነበረ ማይክል ፋራዴይ ነው። የሕይወቱ ታሪክ የፊዚክስን መሠረታዊ ሕግጋት ለተማሪዎች ለሚያስተምር ሰው ልዩ ትርጉም አለው፤ ፋራዴይ ሕግ ያገኘ ብቻ ሳይሆን ያገኘውን ሕግ ለልጆች ማስረዳትን የሕይወቱ ግማሽ ሥራ ያደረገ ሰው ነበርና። ከዚህ በታች በውጭ አገር ለተፈጸሙት ድርጊቶች የተሰጡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የቀጥቃጩ ልጅ

ማይክል ፋራዴይ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 ከሎንዶን በስተደቡብ ኒዊንግተን በተባለ ሰፈር ተወለደ። አባቱ ጄምስ ከሰሜን እንግሊዝ ገጠር ወደ ከተማዪቱ የፈለሰ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ጤናው የታወከ በመሆኑ ሥራውን በየጊዜው ያቋርጥ ነበርና ቤተሰቡ በችግር ይኖር ነበር። እህል በተወደደበት በ1801 ለትንሹ ማይክል የሳምንት ቀለቡ አንድ ዳቦ ብቻ እንደ ነበረ በታሪኩ ተመዝግቧል። ትምህርቱም ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከመጠነኛ ሒሳብ አላለፈም።

የቀጥቃጭ ልጅ መባል በአገራችን ምን ማለት እንደ ነበረ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ማረሻ የሚሠራለትን ሰው ቡዳ እያለ የሚሸሸው ገበሬ፣ ሸማ የሚያለብሰውን ሸማኔ የሚንቀው ባለጠጋ በየስፍራው ነበር። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ንቀቱ ሥር የሰደደ ስለ ሆነ ነው። በእንግሊዝ አገርም ቢሆን በዚያ ዘመን የሳይንስ ምርምር በአብዛኛው የባለርስቶችና የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ነበር፤ የእጅ ሠራተኛ ልጅ በቀላሉ የሚደፍረው አልነበረም። ፋራዴይ ግን ከአባቱ ቤት ይዞት የወጣው የእጅ ሥራ ክብር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም። የሚያስፈልገውን መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይሠራ ነበር፤ እጁ ያልሞከረውንም ነገር ዐወቅሁት ብሎ አይረካም ነበር።

በ1804 ጆርጅ ሪቦ ለተባለ መጻሕፍት ሻጭና ጠራዥ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ፤ በሚቀጥለው ዓመትም የሰባት ዓመት የጥረዛ ተለማማጅነት ውል ገባ። ሪቦ ደግ ጌታ ስለ ነበር፣ ልጁ ሊጠርዛቸው የመጡትን መጻሕፍት ከሥራ ሰዓት በኋላ እንዲያነብ ፈቀደለት። ከነዚህም ሁለቱ የሕይወቱን መንገድ ቀየሱ። አንዱ በኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈው ክፍል ነው። ሁለተኛው ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ኬሚስትሪን በአስተማሪና በሁለት ተማሪዎች መካከል በሚደረግ ጭውውት መልክ ለጀማሪዎች ያቀረበችበት መጽሐፍ ነው። ፋራዴይ በመጽሐፉ ያገኘውን ነገር በተቻለው መጠን በሙከራ እያረጋገጠ አነበበ፤ እውነት ሆኖም አገኘው። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ስሙ በአውሮፓ ሁሉ በተሰማ ጊዜ እንኳ፣ ይህችን ሴት የመጀመሪያ መምህሬ ብሎ ከማክበር አልተቈጠበም። ለጀማሪ ተማሪ በጥንቃቄ የተጻፈ አንድ የትምህርት መጽሐፍ የት ሊደርስ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚገኝ አይመስልም።

ገንዘብ ስላልነበረው የመጀመሪያውን ባትሪ የሠራው ሰባት የመዳብ ሳንቲሞችን ከሰባት የዚንክ ዝርጎች ጋር እያፈራረቀ በመደርደር፣ በየመካከላቸውም በጨው ውሃ የራሰ ወረቀት በማስገባት ነበር። ወንድሙ ሮበርት፣ እሱም ቀጥቃጭ፣ ከደመወዙ አንድ አንድ ሺሊንግ እየሰጠው በማታ የሚሰጡ የሳይንስ ንግግሮችን እንዲከታተል ረዳው።

የላቦራቶሪው ረዳት

በ1812 ከሱቁ ደንበኞች አንዱ፣ የዘመኑ ታላቅ ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚያደርጋቸውን አራት ንግግሮች የሚያዳምጥበት ትኬት ለፋራዴይ ሰጠው። እሱም የሰማውን ሁሉ ጻፈ፤ መሣሪያዎቹን በሥዕል ገለጠ፤ ከዚያም 300 ገጽ ያህል የሆነውን ጽሑፍ በገዛ እጁ ጠርዞ፣ ሥራ እንዲሰጠው ከሚለምን ደብዳቤ ጋር ለዴቪ ላከው። ዴቪ በመልካም ዓይን ቢመለከተውም ክፍት ቦታ አልነበረም። ጥቂት ወራት ሳያልፉ የላቦራቶሪው ረዳት ከመሣሪያ ሠሪው ጋር ተደባድቦ ስለ ተባረረ፣ በማርች 1813 የ21 ዓመቱ ፋራዴይ በቦታው ተተካ። መኖሪያውም በዚያው ሕንፃ ጣሪያ ሥር ያሉ ሁለት ክፍሎች ሆኑ።

በዚያው ዓመት መጸው ዴቪን ተከትሎ ወደ ፈረንሳይና ወደ ኢጣሊያ ተጓዘ። በጉዞው አምፔርንና ቮልታን የመሳሰሉትን ሊቃውንት ለማየት በቃ። በአንጻሩ ደግሞ የዴቪ ባለቤት እንደ አሽከር ስለምትቈጥረውና ከጌቶች ማዕድ ስለምታርቀው፣ ጉዞውን አቋርጦ ለመመለስ እስከ ማሰብ ደርሶ ነበር። አልተመለሰም፤ ታገሠ። በ1815 ወደ ሎንዶን ሲመለስ ዩኒቨርሲቲ ሊሰጠው ይችል የነበረውን ትምህርት ከሊቃውንቱ አጠገብ በመቆም አግኝቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የድካም ዓመታት ናቸው። ክሎሪንን ከጋዝነት ወደ ፈሳሽነት መለወጥ ቻለ፤ በ1825 ቤንዚን የተባለውን ውሁድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ አወጣ፤ በዚያው ዓመትም የላቦራቶሪው ዲሬክተር ሆነ። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1821 ሣራ ባርናርድ የተባለችውን ወጣት አግብቶ ነበር፤ ልጅ አልወለዱም፤ ትዳራቸው ግን እስከ ሞት የጸና ነበር።

ዐሥር ዓመት የቆየ ጥያቄ

በ1820 የዴንማርኩ ሊቅ ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ፣ የኤሌክትሪክ ጅረት በሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ የተቀመጠ የኮምፓስ መርፌ ከአቅጣጫው እንደሚዘነብል ገለጠ። በሴፕቴምበር 1821 ፋራዴይ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዶ፣ ጅረት ያለበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ ያለማቋረጥ እንዲዞር አደረገ። መሣሪያው ሜርኩሪ የተሞላበት ዕቃ፣ አንድ ማግኔትና አንድ ሽቦ ብቻ ነበር። ዛሬ ወፍጮ የሚያዞረውና ውሃ የሚስበው የኤሌክትሪክ ሞተር ሁሉ የዚህ መሣሪያ ዘር ነው።

ይህ ድል ግን ሐዘን አስከተለበት። ፋራዴይ ውጤቱን በችኮላ ሲያሳትም፣ ስለ ተመሳሳይ ነገር አስቀድሞ ያስብ የነበረውን የዊልያም ዎላስተንን ስም ሳይጠቅስ ቀረ። የሰው ሐሳብ ወሰደ የሚል ሐሜት ተነሣበት። በ1824 ለሮያል ሶሳይቲ አባልነት በቀረበ ጊዜ ምርጫውን ከተቃወሙት አንዱ አሳዳጊ ጌታው ዴቪ ራሱ ነበር። ድምፅ ሲሰጥ የተቃወመው ድምፅ አንድ ብቻ ስለ ሆነ ተመረጠ፤ ሆኖም ያ ዘመን ለማንኛውም ሥራ ባለቤቱን በትክክል መጥቀስን አስተምሮት አለፈ።

ኤሌክትሪክ መግነጢሳዊ ኀይልን ካስገኘ፣ ማግኔትስ በተራው ኤሌክትሪክን ለምን አያስገኝም? ፋራዴይ ይህን ጥያቄ በ1822 በማስታወሻው መዘገበው። በ1824 ሞከረ፤ አልሆነም። በ1825ና በ1828 ደግሞ ሞከረ፤ አሁንም አልሆነም። የከሸፈበት ምክንያት የመሣሪያው ድካም ብቻ አልነበረም። እሱም ሆነ ሌሎች ሊቃውንት ይጠብቁ የነበረው፣ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ማግኔት ጸጥ ብሎ የሚቀጥል ጅረት እንዲሰጥ ነበር። ጥያቄው ትክክለኛ ሆኖ ሳለ የሚጠበቀው መልስ የተሳሳተ ነበር።

ኦገስት 29 ቀን 1831 ዲያሜትሩ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የብረት ቀለበት አዘጋጀ። በአንደኛው ወገን አንድ፣ በሌላው ወገን ሌላ ጥቅል የመዳብ ሽቦ ጠመጠመ። በዚያን ጊዜ በማያስተላልፍ ነገር ተሸፍኖ የተዘጋጀ ሽቦ በገበያ ስላልነበረ፣ ዙሮቹን በሲባጎና በጥጥ ጨርቅ መለየት ነበረበት፤ ይህን ለመሰለው ሥራ የጠራዥ እጅ የተመቸ ነው። አንደኛውን ጥቅል ከባትሪ ጋር ባገናኘ ጊዜ፣ በሁለተኛው ጥቅል አጠገብ የነበረው መርፌ ተወዛወዘና ወደ ቦታው ተመለሰ። ባትሪው እንደ ተገናኘ ሳለ መርፌው አልተንቀሳቀሰም። ግንኙነቱን ሲያቋርጥ ግን መርፌው እንደገና፣ በዚህ ጊዜ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ተወዛወዘ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህችን የቅጽበት መወዛወዝ እንደ እንከን ቈጥሮ ባለፋት ነበር። ፋራዴይ ግን ነገሩ ሁሉ በእርሷ ላይ እንዳለ ተገነዘበ። ጅረቱን የሚያስገኘው የማግኔቱ መኖር ሳይሆን የማግኔቱ ኀይል መለወጥ ነበር።

ኦክቶበር 17 ቀን ባትሪውን ትቶ፣ ማግኔት ወደ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ሲያስገባና ሲያወጣ ጅረት አገኘ። ኦክቶበር 28 ቀን ደግሞ በታላቅ ማግኔት ጫፎች መካከል የመዳብ ዝርግ መዘውር እያዞረ የማያቋርጥ ጅረት አወጣ። በሁለት ወር ውስጥ የተሠሩት እነዚህ ሦስት መሣሪያዎች የዛሬው የኤሌክትሪክ ኢንዱስትሪ መሠረቶች ናቸው። ቀለበቱ የትራንስፎርመር፣ መዘውሩ የጄኔሬተር አባት ነው። በአሜሪካ ጆሴፍ ሄንሪ ይህንኑ ክስተት ለብቻው ደርሶበት ነበር፤ ቀድሞ ያሳወቀው ግን ፋራዴይ ስለ ሆነ ሕጉ በስሙ ተጠራ።

ሕጉ በጉባ

ሕጉ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። በአንድ ጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው መግነጢሳዊ ፍሰት በተለወጠ ጊዜ በሽቦው ጫፎች መካከል ቮልቴጅ ይፈጠራል። የቮልቴጁም መጠን ለውጡ በፈጠነና የጥቅሉ ዙሮች በበዙ ቍጥር ይጨምራል። በጉባ ከተርባይኑ ጋር በአንድ ዘንግ የተያያዘው ግዙፍ ተሽከርካሪ በዙሪያው ማግኔቶች ተደርድረውበታል። ውሃው ተርባይኑን ሲያዞር ማግኔቶቹ በቆሙት ጥቅል ሽቦዎች ፊት ያልፋሉ። በያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ ፍሰቱ ይጨምራል፤ ይቀንሳል፤ አቅጣጫውንም ይለውጣል። ይህም በሴኮንድ 50 ጊዜ ይደጋገማል። የመርፌዋ መወዛወዝ በጉባ ሜጋዋት ሆነ፤ ሕጉ ግን አንድ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ሊቀር የማይገባው ሌላ ሕግ አለ። በ1834 ሃይንሪክ ሌንዝ የተባለው የሩስያ ሊቅ፣ በዚህ መንገድ የተፈጠረ ጅረት ሁልጊዜ ያስገኘውን ለውጥ የሚቃወም መሆኑን አስረዳ። ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ መረብ ጋር በተያያዘ በማናቸውም ከተማ አንዲት እናት የእንጀራ ምጣድ ስትሰካ፣ በመረቡ ያሉት ጄኔሬተሮች በጥቂቱ ይከብዳሉ። ክብደቱን ለማሸነፍ ተጨማሪ ውሃ መለቀቅ አለበት። ጅረቱ ማግኔቱን ባይቃወም ኖሮ ጄኔሬተሩ ያለ ውሃ ራሱን በራሱ እያዞረ ለዘላለም በሠራ ነበር። ይህ እንዳይሆን የሚከለክለው በ1840ዎቹ በማየር፣ በጁልና በሄልምሆልትዝ ሥራ የጸናው የጉልበት ዕቀባ ሕግ ነው፤ ጉልበት ከአንድ መልክ ወደ ሌላ መልክ ይለወጣል እንጂ ከምንም አይፈጠርም፤ ጠፍቶም አይቀርም።

ሒሳቡም ለተማሪ የሚከብድ አይደለም። ውሃው 100 ሜትር ይወድቃል እንበል። ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን፣ ማለት 40 ኪሎ ግራም ውሃ፣ ከዚህ ከፍታ ሲወድቅ 39 ሺህ 200 ጁል ጉልበት ይሰጣል። ባለ 10 ዋት አምፑል በአንድ ሰዓት የሚፈጀው 36 ሺህ ጁል ነው። እንግዲህ በመንገድ የሚባክነው ጉልበት ከዐሥር እጅ አንድ የማይሞላ ከሆነ፣ አንድ ተማሪ ለአንድ ሰዓት የሚያጠናበት መብራት የሁለት ጀሪካን ውሃ ውድቀት ነው። ውሃ ከምንጭ በጀርባው ተሸክሞ የሚያውቅ ልጅ ይህን ሒሳብ በትከሻው ጭምር ይረዳዋል።

የኦገስቱ ቀለበትም ሥራ አልፈታም። ከጉባ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በትራንስፎርመር ወደ 500 ሺህ ቮልት ከፍ ተደርጎ ወደ ደዴሳና ወደ ሆለታ ይጓዛል። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ጅረቱ ይቀንሳል፤ በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ጉልበት ደግሞ በጅረቱ ካሬ መጠን የሚለካ ስለ ሆነ ጅረቱ በግማሽ ሲቀንስ ብክነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። በየከተማው ምሰሶ ላይ የተሰቀሉት ትራንስፎርመሮችም ያንኑ የሁለት ጥቅል ሥራ ይሠራሉ።

መምህሩ

ፋራዴይ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ዐርብ ማታ ለሕዝብ የሚሰጡ ንግግሮች እንዲቋቋሙ አደረገ። በ1825 ደግሞ በገና ሰሞን ለወጣቶች የሚሰጡ ተከታታይ ትምህርቶች በዚያው ተጀመሩ። እሱ ራሱ ከ1827 እስከ 1860 ባለው ጊዜ 19 ጊዜ አስተምሯል። የመጨረሻው ትምህርቱ ስለ አንዲት ሻማ ነበር። ሻማዋ ስትነድ ሰሙ እንዴት እንደሚቀልጥ፣ ነበልባሉ ምን እንደሚበላ፣ ከጭሱ ውስጥ ውሃ እንዴት እንደሚገኝ፣ የሻማ መንደድና የሰው መተንፈስ በምን እንደሚመሳሰሉ አሳየ። ትምህርቱ በ1861 በመጽሐፍ ታትሞ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል።

ንግግሩ የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ አልነበረም። ከንግግር መምህር ትምህርት ተቀብሏል። በፍጥነት እንዳይናገር የሚያሳስብ ካርድ በፊቱ ያስቀምጥ ነበር። እያንዳንዱን ሙከራ አስቀድሞ ደጋግሞ ይሞክረው ነበር። የቀድሞው ወታደር ቻርልስ አንደርሰን ለረዥም ዘመን በትጋት ረድቶታል። ሊያስረዳ የሚፈልገውን ነገር በቃል ከመግለጹ በፊት በዓይን ያሳይ ነበር። በ1836 ራሱ በሠራው ታላቅ ሣጥን ውስጥ ገብቶ፣ ሣጥኑ ከውጭ በኤሌክትሪክ ተሞልቶ ብልጭታ ሲረጭ፣ በውስጥ ምንም እንደማይሰማ አረጋገጠ። መብረቅ በሚበዛበት ክረምት፣ በብረት በተሸፈነ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ለምን እንደሚድን የሚያስረዳው ይህ ነው።

ስለ ድምፅ ሲያስተምር የጓደኛውን የቻርልስ ዊትስቶንን ምርምር እያቀረበ፣ ከሩቅ ምሥራቅ የመጡ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ሳይቀር ያሳይ ነበር። የአሶሳ መምህር ለዚህ ወደ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የበርታ ሕዝብ ዋዛ ከቅል የሚሠራ፣ ርዝመቱ የተለያየ የመለከት ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ ብቻ በተራው ያሰማል። ረዥሙ ዝቅ ያለ፣ አጭሩ ከፍ ያለ ድምፅ የሚሰጠው ለምን እንደ ሆነ መመርመር የሞገድን ሕግ በደጃፍ ማግኘት ነው።

ፋራዴይ ስለ ትምህርት የነበረው ስጋት ከላቦራቶሪው ውጭም ወጥቷል። በ1853 መናፍስት ጠረጴዛ ያንቀሳቅሳሉ የሚል እምነት በሎንዶን በተስፋፋ ጊዜ፣ ጠረጴዛውን ሳያውቁት የሚገፉት ተቀማጮቹ ራሳቸው መሆናቸውን በቀላል መሣሪያ አጋለጠ። ያሳዘነው የሰዎቹ መሳሳት ሳይሆን፣ ተምረዋል የሚባሉት ሰዎች ነገርን መመርመር አለመልመዳቸው ነበር። በ1862 የእንግሊዝን ታላላቅ ትምህርት ቤቶች ለሚመረምረው ኮሚሽን ቀርቦ፣ ላቲንና ግሪክ ብቻ የሚያጠኑ ልጆች የተፈጥሮን ሕግ ሳያውቁ መቅረታቸው ጉዳት መሆኑን መሰከረ።

የጎደለውና የሞላው

ፋራዴይን ያለ ጉድለት አድርጎ ማቅረብ እውነቱን ማዛባት ነው። ከፍተኛ ሒሳብ ባለመማሩ ሐሳቡን የሚገልጸው በቀመር ሳይሆን በምስል ነበር። በማግኔት ዙሪያ የተበተነ የብረት ብናኝ የሚሠራቸውን መስመሮች እያየ፣ የማግኔት ኀይል በብረቱ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ባዶ ቦታ ሁሉ የተዘረጋ ነው የሚል እምነት አደረበት። የሒሳብ ሊቃውንቱ ሙከራዎቹን አደነቁ፤ መስመሮቹን ግን እንደ ቁም ነገር የቈጠሯቸው ጥቂቶች ነበሩ። ይህንንም በቀመር ሊከራከርላቸው አልቻለም።

የጎደለውን የሞላው ፋራዴይ ሕጉን ባገኘበት በ1831 የተወለደው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው። ማክስዌል ከ1855 ጀምሮ የፋራዴይን መስመሮች ወደ ሒሳብ ቋንቋ መለሰ። በ1865 ባሳተመው ሥራም ኤሌክትሪክና ማግኔት በአንድነት እንደ ሞገድ እንደሚጓዙ፣ ፍጥነታቸውም ከብርሃን ፍጥነት ጋር እንደሚገጥም አሳየ። ፋራዴይ ራሱ በ1845 ማግኔት በብርሃን ላይ ለውጥ እንደሚያደርስ በሙከራ ደርሶበት ነበርና፣ የእጁ ሥራና የማክስዌል ቀመር በአንድ ቦታ ተገናኙ። ሬዲዮ ከዚህ ተወለደ። ስለዚህ ፋራዴይ ሒሳብ አያስፈልግም ለሚል ሰው ምስክር ሊሆን አይችልም። የሚመሰክረው ሌላ ነው፤ ቀመሩ የሚመጣው ነገሩ ከታየና ከተያዘ በኋላ መሆኑን ነው።

ከ1839 ጀምሮ ጤናው ተናጋ፤ ማዞርና መርሳት ያስቸግረው ጀመር። ለዓመታት ከምርምር ርቆ ከተመለሰ በኋላም የማስታወስ ችሎታው አልዳነም። ትናንት የሠራውን ዛሬ እንዳይረሳው ሙከራዎቹን በተራ ቍጥር ይመዘግብ ነበር፤ የምዝገባው ቍጥርም ከ16 ሺህ አለፈ። ያልተሳካውን ሙከራ ከተሳካው እኩል ጽፎታል።

ለመርከበኞች የባሕር መብራት ቤቶችን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ከ1836 ጀምሮ የሳይንስ አማካሪ ሆኖ ሠርቷል። በዚህም ኀላፊነቱ በ1858 በደቡብ እንግሊዝ ጠረፍ በሳውዝ ፎርላንድ በጄኔሬተር የሚሠራ መብራት ሲሞከር ተመለከተ። ያቺ የመርፌ መወዛወዝ በ27 ዓመት ውስጥ ለመርከብ መንገድ የሚያሳይ ብርሃን ሆና በዓይኑ ለማየት በቃ።

የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንትነት ቢሰጠው አልተቀበለም፤ የሰር ማዕርግም ይቅርብኝ አለ። ያደገበት ትንሽ የክርስትና ማኅበር ሀብትንና ክብርን ማከማቸትን አይወድም ነበርና በዚያ ሥርዐት ኖረ። በ1858 ንግሥት ቪክቶሪያ በሃምፕተን ኮርት መኖሪያ ቤት ሰጠችው። በዚያም ኦገስት 25 ቀን 1867 በ75 ዓመቱ ዐረፈ። ነገሥታትና ሊቃውንት በሚቀበሩበት በዌስትሚንስተር ሳይሆን በሃይጌት መቃብር ያለ ብዙ ሥነ ሥርዐት ተቀበረ።

በእኛ ክፍል

ከዚህ ሕይወት ለፊዚክስ መምህር የሚተርፈው የአሠራር ቅደም ተከተል ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የፋራዴይ ሕግ የሚጀምረው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀመር ነው፤ የሚያልቀውም በፈተና ነው። ተማሪው ምልክቶቹን ያጠናል፤ መርፌዋ ስትወዛወዝ ግን አያይም። ላቦራቶሪ የለንም የሚለው ምክንያት በብዙ ቦታ እውነት ነው፤ ኤሌክትሪክ ራሱ ያልደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች ዛሬም ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን ሕጉ የተገኘበት መሣሪያ ከአሶሳ ገበያና ከሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ዐቅም በላይ አይደለም። ከተቃጠለ ሞተር የሚፈታ የመዳብ ሽቦ፣ ከተሰበረ የድምፅ ማጉያ የሚወጣ ማግኔት፣ የሚጠመጠምበት ወፍራም የብረት ብሎን፣ የእጅ ባትሪ ድንጋይ፣ መለኪያ ሜትር ካለ በሜትር፣ ከሌለም በማግኔት ታሽቶ በክር የተንጠለጠለ መርፌ ይበቃል። የብስክሌት ዲናሞ ቢገኝ ደግሞ ተማሪው በአንድ እጁ ሲያዞረው መብራቱን ያያል፤ አምፑሉን ሲያገናኘው ዲናሞው ወዲያው እንደሚከብደው በጣቱ ይሰማዋል። ሌንዝ ያለው ይህንኑ ነው።

ሙከራው መጀመሪያ ላይ ባይሳካ የሚያሳፍር አይደለም። ከ1824 እስከ 1831 የፋራዴይም አልተሳካም። መምህሩ ያልተሳካውን ሙከራ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ምክንያቱን ቢመረምር፣ ሽቦው ላይ ያለው ሽፋን ተልጦ እንደ ሆነ፣ መርፌዋ ለማግኔቱ ቀርባ እንደ ሆነ፣ ዙሩ አንሶ እንደ ሆነ አብሯቸው ቢጠይቅ፣ ፊዚክስን ያስተማረው በዚያች ሰዓት ነው።

የነገሩ ክብደት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይበልጣል። ለውሃው ማጠራቀሚያ ሲባል ከቀዬአቸው የተነሡ የጉሙዝ ቤተሰቦች ልጆች ዛሬ በክልሉ ትምህርት ቤቶች ይማራሉ። የጉባን ጄኔሬተሮች የሚቈጣጠሩ፣ የሚጠግኑና አንድ ቀንም የሚተኩ መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች ከነዚህ ክፍሎች ሊወጡ ይገባል እንጂ፣ የአካባቢው ልጅ የዘበኝነትና የጉልበት ሥራ ብቻ የሚጠብቅ መሆን የለበትም። ወደ አሶሳ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ወደ ሌላ ከፍተኛ ተቋም የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው፣ ማግኔትና ሽቦ በእጁ ይዞ የራሱን ጥያቄ በጠየቀበት ክፍል ነው። ፋራዴይን ወደ ላቦራቶሪ ያደረሱት ደግ ጌታ፣ ሺሊንግ ያካፈለ ወንድም፣ ትኬት የሰጠ ደንበኛና ለጀማሪ የተጻፈ መጽሐፍ ናቸው። ለአንድ የጉባ ልጅ የነዚህ ሁሉ ምትክ አብዛኛውን ጊዜ የፊዚክስ መምህሩ ብቻ ነው። ስለዚህ በመጪው የትምህርት ዘመን የኢንዳክሽን ምዕራፍ ሲደርስ፣ ጠመኔው ከመነሣቱ በፊት ጥቅል ሽቦው ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ።